ከአስፋልቱ ማዶ የቆመችው ልጅ

እኛ ሾላ ጥግ ሰላምታ አናሳንስም። ሰው ከሰው ሲገናኝ ልጁ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና እየተባለ ይጠያየቃል። እግር ግን አይቆምም፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም እየተራመዱ ነው። የመጨረሻው «ደህና?» ሲወጣ ሁለቱም ጀርባ ለጀርባ ሆነዋል። ታዲያ እንዲህ ጠይቆ መልሱን ሳይሰማ የሚያልፍ ሰው ሲያጋጥመን ከኋላው የምንወረውርለት አንዲት ተረት አለችን። የሌላ አገር ሰው ሲሰማት ስድብ ትመስለዋለች። ስድብስ አይደለችም፤ ታሪክ ያላት ተረት ናት። ተረቷን ግን አሁን አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁማ «እህ» ብላችሁ ተነሥታችሁ ልትሄዱ አይደል? ቁጭ በሉ።

ሾላ ጥግ ከደሴ ወደ ቆላ በሚወርደው አስፋልት ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ትምህርት ቤቷ፣ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የሚማሩባት፣ ከተማው አለቀ ከተባለ በኋላ ነው የምትገኘው፤ በሯም ፊት ለፊት ወደ አስፋልቱ ነው። እዚያ መምህር ይማም የሚባል የሂሳብ አስተማሪ ነበር። ጎበዝ ነው፣ ይሄን ማንም አይክደውም። ነጭ ጋዋኑን ተኩሶ፣ ጠመኔውን በኪሱ ይዞ፣ ደወል ሳይደወል ክፍሉ በር ላይ ይገኛል። ስሌቱን ሰሌዳው ላይ ጥርት አድርጎ ይሠራና ዞር ብሎ «ገባችሁ?» ይላል። አርባ ሰባት ልጅ በአንድ አፍ «አዎ ቲቸር!» ይላል። «ያልገባው አለ?» «የለም ቲቸር!» ይሄኔ ሰሌዳውን ያጠፋዋል። ፈተና ሲመጣ ግማሹ ልጅ ይወድቃል፤ መምህር ይማምም «ኧረ ጠይቄያቸው ነበር እኮ!» እያለ ይገረማል።

የሰባተኛ «ለ» ኃላፊም እሱ ነበር። ከሰልፍ በኋላ ስም የሚጠራው፣ ቀሪ የሚመዘግበው፣ ወላጅ የሚያስመጣው እሱ ነው። ሰባተኛ ክፍል ማለት እንግዲህ ታውቁታላችሁ፤ ልጅ ነህ ሲሉት የሚቆጣ፣ ትልቅ ነህ ሲሉት የሚያለቅስ ዕድሜ ነው። ትናንት እቤቱ የተሠራውን ወጥ ሳይቀር ሲያወራ የነበረው ልጅ በአንድ ክረምት አፉን ዘግቶ ይመጣል። ምን ነካው ቢሉ የሚያውቅ የለም።

መምህር ይማም ይህን ዕድሜ ከትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም የሚያውቀው። ሐያት የምትባል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ደሴ አለችው። ከእናቷ ጋር ከተለያዩ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ ልጅቷ የቀረችው ከእናቷ ጋር ነው። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ይደውላል። «ደህና ነሽ?» «ደህና።» «ትምህርት እንዴት ነው?» «ጥሩ ነው።» «እናትሽ ደህና ናት?» «ደህና ናት።» «በይ በርቺ።» አለቀ። ድሮ ትንሽ ሳለች ስለ ጎረቤቷ ድመት ብቻ ግማሽ ሰዓት ታወራው ነበር። ድመቷ ወለደች፣ ድመቷ ጣራ ላይ ወጣች፣ ድመቷ ተቆጣችኝ። አሁን ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን በእጁ እንደያዘ ይቆያል። ከመደወሉ በፊት ትናፍቀዋለች፤ ድምፅዋን ከሰማ በኋላ ይብስበታል። ምን ብሎ ቢጠይቃት እንደምታወራው ግን አያውቅም።

በትምህርት ቤቱ በር ላይ ደግሞ ጋሽ ወሌ ነበሩ። ዘበኛ ናቸው። ከበሩ አጠገብ ሁለት ድንጋዮች አሉ። አንዱ ላይ እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ይቀመጣሉ፤ ሌላው ባዶ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሲመጡ ጋሽ ወሌ ለእያንዳንዱ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። አንድ ብቻ። «ያቺ ጥጃ ቆመች?» ይሉታል አንዱን። «የተጣላሻት ልጅስ?» ይሏታል ሌላዋን። ከዚያ ዝም ይላሉ። ልጁ እግሩን ያፈራርቃል፣ ሰማይ ያያል፣ ቦርሳውን ያወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ባዶው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የሆዱን ይዘረግፋል። ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ደወሉ ሲደወል የሰባተኛ «ለ» ግማሹ በር ላይ ነው።

መምህር ይማም በዚህ ይናደድ ነበር። የሚናደደው ስለሚያረፍዱ ነው ይል ነበር እንጂ ነገሩ ሌላ ነው። እሱ ክፍል ውስጥ ስሙን ሲጠራው በጭንቅ «አቤት» የሚል ልጅ ዘበኛው ዘንድ ሲደርስ አፉ አይዘጋም። ቀንቶ ነበር። አርባ ሰባት ልጅ በየቀኑ ፊቱ ተቀምጦ አንዱም አንዲት ነገር ነግሮት አያውቅም።

ከሁሉ የባሰችበት ዘምዘም የምትባለው ልጅ ናት። ከአያቷ ጋር የምትኖር፣ ቀጠን ያለች፣ የጫማዋን ተረከዝ እየረገጠች የምትሄድ ዝምተኛ ልጅ። እሷ በየቀኑ፣ ያለ አንድ ቀን ዝንፈት፣ ስም ተጠርቶ ሲያልቅ ነው የምትገባው።

«ለምን አረፈድሽ?»

ዝም።

«መልስ የለሽም?»

ዝም።

«ጫማሽን እንኳን በሥርዓት አታደርጊም! ሂጂ ተቀመጪ።»

እሱ እንግዲህ ጠየቅኩ ብሎ ነው። አንድ ዓርብ ግን ትዕግሥቱ አለቀ።

«ሰኞ አባትሽን ይዘሽ ነይ» አላት። «ካላመጣሽ ክፍሌ አትገቢም።»

ዘምዘም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «አባቴን?»

«አዎ፣ አባትሽን! አያቴ ትምጣ እንዳትይኝ። መዝገብሽ ላይ አባት አለሽ።»

«እሺ ቲቸር» አለች።

ያን «እሺ» ስትል ፊቷ እንዴት እንደበራ ቢያይ ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ ባልተፈጠረ። እሱ ግን ቀጥሎ ያለውን ልጅ እየጠራ ነበር።

የዚያኑ ዕለት ርዕሰ መምህርቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ ቢሮ ገባ። ጋሽ ወሌም ተጠሩ።

«ልጆቹን የሚያስረፍዷቸው እሳቸው ናቸው» አለ መምህር ይማም።

«እኔ መች አስረፈድኩ? ጠየቅኩ እንጂ» አሉ ጋሽ ወሌ።

«መጠየቅማ እኔም እጠይቃለሁ! ከእርስዎ አሥር እጥፍ እጠይቃለሁ።»

ጋሽ ወሌ ጢማቸውን እያሻሹ አዩት። «እንግዲያው አንድ ሳምንት በሩን ውሰደዋ።»

«እወስዳለሁ! እስከ ዓርብ አንድ ሰው እንኳን ካረፈደ እኔ ተረታሁ። ካላረፈደ ግን ከእንግዲህ በር ላይ ማንንም አያስቆሙም።»

«ከተረታህስ?»

«የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

«ምንም አልፈልግም» አሉ። «አንድ ጠዋት ባዶዋ ድንጋይ ላይ ትቀመጥልኛለህ። በቃ።»

«ኧረ እናንተ ሰዎች!» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ እየሳቁ። «ልጆቹ እንኳን እንዲህ አይወራረዱም።»

ሰኞ ጠዋት መምህር ይማም ጋዋኑን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። ጋሽ ወሌ ከዘራቸውን ይዘው ራቅ ብለው ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ልጆቹ መጡ። መምህር ይማም ጥያቄውን እንደ እህል ይዘራው ጀመር። «ደህና አደርክ? ጥናት እንዴት ነው? ቤተሰብ ደህና? የቤት ሥራ ሠራህ?» ልጁ «ደህና፣ ጥሩ፣ ደህና፣ አዎ» ብሎ እግሩ ሳይቆም ገባ። ቀጣዩም ገባ። ሁሉም ገቡ። ለሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል በሩ ላይ ዝንብ አልነበረም። ማክሰኞም እንደዚያው። እንዲያውም ማክሰኞ ከሩቅ ሲያዩት ሮጠው ነው የገቡት።

ድሉ ግን አልጣመውም። ወደ ባዶው ድንጋይ ዞር ብሎ አየ። በሁለት ቀን ከሦስት መቶ በላይ ጥያቄ ጠይቋል፤ እጁ ላይ የቀረው «ደህና» ብቻ ነው። የእሑዱ ስልክ ትዝ አለው።

ጋሽ ወሌ ከጥላው ተነሥተው መጡ። «ስንት ገቡልህ?»

«ከክፍሌ አርባ ስድስት።»

«ስንት ነበሩ?»

«አርባ ሰባት። ዘምዘም ቀርታለች። ትናንትም ቀርታለች።»

ጋሽ ወሌ ከዘራቸውን አንሥተው አስፋልቱን ተሻግሮ ያለውን የኪሎ ሜትር ድንጋይ አሳዩት። ዘምዘም ቦርሳዋን በጀርባዋ አዝላ ቆማለች። ትናንትም እዚያው ነበረች። ሁለት ቀን ሙሉ የሚገባውን ሲቆጥር ማዶ ማዶውን አላየም ነበር።

«አባትሽን አምጪ አልኳት እኮ!» አለ ደንግጦ። «ማምጣት ነው እንጂ እዚያ መቆም ምን ይባላል?»

«ሄደህ ጠይቃታ።»

«ጠይቄያታለሁ! ለምን ታረፍጃለሽ እያልኩ መቶ ጊዜ ጠይቄያታለሁ።»

«እሱማ ክስ ነው። እኔ ጠይቃት ነው ያልኩህ።»

«እርስዎ ያውቃሉ አይደል? ይንገሩኛ!»

«የነገረችኝ እኔን ነው» አሉ ጋሽ ወሌ። «እኔ ብነግርህ አንተን ነገረችህ ማለት ነው? ስማኝ መምህር። የማታውቀውን ጠይቅ። አንድ ነገር ብቻ። ከዚያ ያንተ ሥራ አልቋል፤ የቀረው የእሷ ነው። አታቻኩላት፣ ቃል አታውሳት፣ ሰዓትህንም አትይ።»

ይህ ለአስተማሪ እንዴት ያለ መከራ እንደሆነ አስተማሪ ያልሆነ አያውቀውም። አስተማሪ ዝምታን አይችልም። ልጅ ጥያቄ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ እስኪተነፍስ ድረስ ዝም ካለ፣ አስተማሪው ራሱ መልሱን ይናገራል፤ ካልሆነም «ሌላ!» ብሎ ያልፋል።

ረቡዕ መምህር ይማም ልጆቹን ካስገባ በኋላ አስፋልቱን ተሻገረ። ዘምዘም ስታየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ዘምዘም» አላት፤ ማታ አልጋው ላይ ሆኖ ሲያስብበት ያደረውን ጥያቄ ጠየቃት። «እዚህ ስትቆሚ ምን ይታይሻል?»

ልጅቷ መንገዱን አየች። እሱ ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ሲሰለፉ ሰማ። «ነይ ግቢ» ሊላት አፉ ላይ መጣ፤ ዋጠው። «ታመሽ ነው?» ሊላት መጣ፤ ዋጠው። በመጨረሻ ዘምዘም በቀስታ፣

«አውቶብስ» አለች።

«የምን አውቶብስ? ወዴት የሚሄድ? ከማን ጋር ልትሄጂ?»

አይ መምህር ይማም! ልጅቷ አንገቷን ደፋች፤ ነገሩ እዚያው ቀረ። ስም የሚጠራበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ራሱን እየረገመ ተመለሰ።

ሐሙስ የስም መጥሪያውን መዝገብ ለክፍሉ አለቃ ሰጠው። በአሥራ አንድ ዓመት የማስተማር ሥራው እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ተሻግሮ የኪሎ ሜትር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ምንም አልተናገረም። ጥያቄው ትናንት ተጠይቋል። ነጭ ጋዋኑ አቧራ በአቧራ ሆነ። ደወሉ ተደወለ፣ ሰልፉ ተፈታ፣ ግቢው ጭር አለ።

«የአባቴ ነው» አለች ዘምዘም።

መምህር ይማም ዓይኑን ከመንገዱ አላነሣም።

«እሱ ነው የሚነዳው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ እዚህ ያልፋል። ሁለቴ ክላክስ ያደርጋል። ለኔ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ አያቴ ተጣልታዋለች። ደሴ ሌላ ሚስት ሲያገባ፣ ደጄን እንዳይረግጥ አለች። እሱም አይመጣም። ማታ ሲመለስ መሽቷል፣ እኔ ቤት ነኝ፤ ቤታችን ከአስፋልቱ ሩቅ ነው፣ አይሰማም። ጠዋት ብቻ ነው የምሰማው። ክፍል ውስጥ ከሆንኩ ደግሞ ልጆቹ ስለሚንጫጩ…»

«ለዚያ ነው የምታረፍጂው» አለ መምህር ይማም።

«አባትሽን አምጪ ሲሉኝ ደስ አለኝ ቲቸር። ቲቸር ጠርቶሃል ስለው የሚቆም መስሎኝ ነበር። ሰኞም ማክሰኞም ትናንትም እጄን አውጥቻለሁ። ሰላም ያልኩት ይመስለዋል መሰለኝ፤ ክላክስ አድርጎ ያልፋል።»

ወዲያው ከመታጠፊያው አውቶብሱ ብቅ አለ። ዘምዘም እጇን አወጣች። አውቶብሱ ሁለቴ ክላክስ አደረገ፤ ነፋሱ የልጅቷን ሻሽ አንሥቶ ጣለው፤ አለፈ። የተነሣው እጇ እንደተነሣ ቀረ። መምህር ይማም እንባው መጣ። ስንት ጊዜ እንዳስቆማት፣ ስንት ጊዜ ልጆቹ ፊት እንዳሳፈራት ትዝ አለው። ወላጅ አምጪ ብሎ የጠየቃት ያንኑ ሌት ተቀን የምትመኘውንና የሌላትን ነገር ነበር።

«ነገ አብረን እናስቆመዋለን» አላት።

ዓርብ የቆላው ገበያ ቀን ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን መምህር ይማም ጋዋኑን አውልቆ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ዘምዘም አጠገቡ ናት። ጸጉሯን ተሠርታለች፤ ቀሚሷን ትናንት ማታ ያጠበችው ይመስላል። ጋሽ ወሌም በሩን ገርበብ አድርገው ድንጋያቸው ላይ ሆነው ያያሉ። አውቶብሱ ከመታጠፊያው ሲወጣ መምህር ይማም ነጩን ጋዋን እንደ ባንዲራ አውለበለበው። አውቶብሱ አቧራ አስነሥቶ ቆመ።

ሹፌሩ ኑርዬ ሞተሩን ሳያጠፋ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ። «ምን ሆነች? ምን ሆነች ልጄ?»

«ምንም አልሆነችም» አለ መምህር ይማም።

«አጥፍታ ነው?»

መምህር ይማም ስለ ማርፈድ፣ ስለ ወላጅ ኃላፊነት የሚናገረውን ሳምንቱን ሙሉ አዘጋጅቶ ነበር። ሁሉም ጠፋበት። «አላጠፋችም። ልታይዎት ፈልጋ ነው።»

ኑርዬ ልጁን አየ። ፊቱ ላይ ደስታም እፍረትም ተደበላለቁበት። እቅፍ አደረጋት፤ አናቷን ሳመ። «ደህና ነሽ የኔ እናት? ዘሙዬ? ትምህርት እንዴት ነው? አያትሽ ደህና ናት? የላክሁልሽ ጫማስ ልክሽ ሆነ?»

«አባ፣ ጫማው…»

«ሹፌር! ኧረ ገበያው አለፈን!» አሉ ከውስጥ። «እዚህ ለመቆም ነው እንዴ የከፈልነው?» አለ ሌላው። አንዷ ሴትዮ ዶሮዋ በሙቀት ልትሞትባት እንደሆነ በመስኮት ትጮህ ነበር።

«መጣሁ! መጣሁ!» አለ ኑርዬ። ከጋቢናው ሁለት ብርቱካን አውጥቶ እጇ ላይ አኖረ። «አይዞሽ እሺ? በርቺ። አያትሽን ሰላም በይልኝ።» ተመልሶ ጋቢናው ላይ ወጣ፣ በሩን ዘጋ። አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ። ከመታጠፊያው ሳይደርስ ሁለቴ ክላክስ አደረገ፤ ከዚያ ድምፁም ጠፋ።

ዘምዘም ብርቱካኖቹን እንደያዘች ቀረች። አባቷ አራት ነገር ጠይቋታል። ለአራቱም መልስ ነበራት፤ ለስንት ወር ስታጠራቅመው የኖረችው መልስ። አንዱም አልወጣም።

መምህር ይማም መንገዱን እያየ የራሱን ድምፅ ሰማ። «ደህና ነሽ? ትምህርት እንዴት ነው? እናትሽ ደህና ናት? በይ በርቺ።» እሱም እሑድ እሑድ ክላክስ አድርጎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ሐያት ደሴ ላይ ስልኩን ይዛ እንዲሁ ቆማ ትቀር ይሆን? ይህን ሲያስብ ልጁ ከመቼውም የበለጠ ናፈቀችው። ሮጦ ደሴ ቢገባ ደስ ባለው።

ጋዋኑን መልሶ ለብሶ፣ የዘምዘምን ቦርሳ ይዞላት አስፋልቱን ተሻገሩ። ጋሽ ወሌ ሲመጡ አይተው ከድንጋያቸው ተነሡና «ነይ እዚህ ተቀመጪ» አሏት። እሳቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙ። መምህር ይማም ባዶዋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ደወሉ ተደውሎ፣ ስም ተጠርቶ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተጀምሯል። ሰዓቱን አላየም።

«ጫማውስ?» አላት።

ዘምዘም አንዱን ብርቱካን መላጥ ጀመረች፤ ተወችው። እሱም ጠበቃት። ግቢው ውስጥ ልጆች በአንድ አፍ «አዎ ቲቸር!» ሲሉ ተሰማ።

«ጠቦኛል» አለች በመጨረሻ። «አምና ሲልክልኝም ጠቦኝ ነበር። ተረከዙን የምረግጠው ለዚያ ነው።»

መምህር ይማም «በሥርዓት አታደርጊም!» ያለበት ቀን ሁሉ መጣበት። ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ግን ገና አልጨረሰችምና ታገሠ።

«ጠበበኝ ብለው ሌላ ይልክልኛል። ግን አላልኩትም። ከመኪናው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ትንሽ የምመስለው ይመስለኛል። እሱ ዘንድ ትንሽ ሆኜ ነው የቀረሁት ቲቸር። ማደጌን ሳያይ ጫማው ጠበበኝ ብለው…» እንባዋ ወረደ፤ በሻሿ ጠረገችው። «ዛሬ አጠገቡ ቆሜ ያየዋል ብዬ ነበር። እግሬን አላየም።»

ጋሽ ወሌ ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ አዞሩ። መምህር ይማም የሚናገረው ቃል አጣ፤ ቃል ማጣቱም ደግ ሆነ፣ ምክንያቱም ዘምዘም ቀጠለች። አባቷ የጠየቃትን ሁሉ አንድ በአንድ ትመልስ ጀመር። አያቷ ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ዳገቱን አልችል እንዳለች፣ ማታ ማታ ሳታስበው የኑርዬን ስም እያነሣች እንደምትቆጣና ቆይታ እንደምታለቅስ ነገረችው። «ትምህርት ደግሞ» አለች፣ ቀና ብላ አየችው፣ «ሂሳብ አይገባኝም። ገባችሁ ሲሉን አዎ የምለው ሁሉም ስለሚሉ ነው።»

መምህር ይማም እያለቀሰ ሳቀ። «ሁሉምስ ለምን ይላሉ?»

«ካልገባን ማን ይጠብቀናል?»

ይህን ብላ ብርቱካኑን ልጣ ጨረሰችና ለሦስት ከፈለችው። አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለጋሽ ወሌ ሰጠች። ለእሑድ ሁለት ቀን ቀርቷል። መምህር ይማም በሆዱ አንድ ጥያቄ መረጠ፤ «ያቺ የጎረቤታችሁ ድመት አለች?» ሊል፣ ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ የቱንም ያህል ቢቆይ ዝም ሊል ወሰነ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ የመጡት ይሄኔ ነው። ከቢሮ በር ጀምረው እየተናገሩ፣ በፍጥነት እየተራመዱ መጡ። «መምህር ይማም! ደወል ከተደወለ ስንት ጊዜ ሆነው? በሩን ተረክበው ራስዎ ያረፍዳሉ እንዴ? ውርርዱንም ተረቱ ማለት ነው! ልጅቷስ ምን ሆና ነው? ለምን ክፍል አልገባችም? ደህና ናችሁ?» ይህን ሁሉ ሲሉ እግራቸው አልቆመም፤ አልፈዋቸው ወደ በሩ መዝጊያ እየሄዱ ነበር።

ጋሽ ወሌ እጃቸውን ወደ አፋቸው አድርገው ዝም እንዲሉ በትሕትና ለመኗቸው። «ትንሽ ይታገሡን እመቤቴ፤ ልጅቷ ገና አልጨረሰችም» አሉ። ከዚያ በከዘራቸው መጀመሪያ አውቶብሱ የሄደበትን አስፋልት፣ ቀጥሎም ድንጋዩ ላይ በአቧራማ ጋዋን የተቀመጠውን መምህር እያሳዩ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሾላ ጥግ ሁሉ የሚለውን እንዲህ አሉ፦ «ጠያቂ በየመንገዱ፥ ሰሚ ከስንት አንዱ።»